«ድነሻል» ካልናት በኋላ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ በአዲስ አበባ መሀል ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የተመላላሽ ክፍል ስትቀመጡ፣ አንገቷ ላይ ጠባሳ ያለባት ጎልማሳ ሴት ደጋግማ ትገጥማችኋለች። የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር በሴቶች ላይ ከወንዶች ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚበዛ፣ ታካሚያችሁን በሴት ጾታ ብጽፍ አትገረሙ። ካርዷን ስትገልጡ ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና እንደ ወጣ፣ ምናልባትም የቀረውን የዕጢ ክፍል በጨረር የሚያጠፋውን ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን እንደ ወሰደች፣ ከዚያ ወዲያ በየቀጠሮው ሁለት መስመር ብቻ እየተጻፈላት እንደ ተሸኘች ታያላችሁ። ደብዳቤዬ ስለዚህች ሴት ቀጣይ ሠላሳና አርባ ዓመታት ነው።

ከዚህ ካንሰር ዓይነቶች እጅግ የሚበዛው ፓፒላሪ የሚባለው ሲሆን፣ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከ100 ታማሚዎች ከ90 በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። በዚህ የተነሣ ብዙ ሐኪሞች «ካንሰር ካልቀረ እንዲህ ያለው ይሻላል» ብለው ያጽናናሉ። ማጽናኛው ከቅን ልብ የሚወጣ ነው፤ ነገር ግን የታካሚዋን አፍ ያስይዛል። በአጠገቧ ወረፋ የሚጠብቁትን፣ ከእርሷ የከፋ ሕመም ያለባቸውን እያየች ስለ ድካሟና ስለ እንቅልፍ ማጣቷ መናገር ነውር ይመስላታል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 የሚበልጡ የታይሮይድ ካንሰር ታማሚዎችን ስለ ኑሯቸው ጠይቀው ነበር። የእነዚህ ሰዎች የኑሮ ጥራት፣ የመዳን ተስፋቸው ከእነርሱ ያነሰ ሌሎች የካንሰር ታማሚዎች ከሚገልጹት የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በተለይም በወጣትነታቸው የታመሙት ይበልጥ ተጎድተው ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ዘወትር የሚታወሰኝ የስዊዘርላንዱ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር ነው። በእርሱ ዘመን በአልፕስ ተራሮች የዚሁ የታይሮይድ ዕጢ እብጠት የሆነው እንቅርት እንደ እኛ ደጋ ሁሉ የበዛ ነበር፤ ቀዶ ሕክምናውም ብዙ ሰው ይገድል ነበር። ኮኸር በጥንቃቄው ሞቱን በእጅጉ ቀነሰው። ቁስሉ ድኖ፣ ሕመምተኛው በእግሩ ወደ መንደሩ ከተመለሰ ሌላ ሐኪም ቢሆን በዚያ ይበቃዋል። ኮኸር ግን ዕጢያቸውን ሙሉ በሙሉ ያወጣላቸውን ሰዎች መልሶ አስጠራ። ከመጡት አብዛኞቹ ፊታቸው ያበጠ፣ ብርድ የማይችሉ፣ ንግግራቸውና አስተሳሰባቸው የዘገየ ሆነው አገኛቸው፤ ልጆቹ ደግሞ እድገታቸው ቆሞ ነበር። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1883 በባልደረቦቹ ፊት በግልጽ ተናገረ፤ ለተራ እንቅርትም ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ማውጣትን ተወ። ታሪኩን ለኢንተርኖች ባወራሁ ቁጥር ልባቸው የሚቀረው እ.ኤ.አ. በ1909 ባገኘው የኖቤል ሽልማት ላይ ነው፤ እኔ የምወድለት ግን በሰላም ያሰናበታቸውን ሰዎች መልሶ መጥራቱን ነው። ዕጢው ያመነጨው የነበረውንና በመውጣቱ የጎደለውን ሆርሞን ከውጭ የመስጠት ሕክምና የተጀመረው ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ከበግ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ በሰጠ ጊዜ ነው።

ዛሬ በግ አያስፈልገንም፤ ያንን ሆርሞን የሚተካ፣ ሌቮታይሮክሲን የተባለ ትንሽ ክኒን አለ። ሆኖም ክኒኑ በመድኃኒት ቤት መገኘቱና በታካሚዋ ሰውነት ውስጥ በሚገባ መሥራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከምግብ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ ቡናም ክኒኑ በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል። በእኛ ቤት ጠዋት ቡና ሲፈላ ከጎረቤት ጋር የሚጠጣ ስለሆነ «ቡና ተዪ» ብላችሁ አትዘዙ፤ ትእዛዙን አትፈጽመውም፣ አለመፈጸሟንም አትነግራችሁም። ክኒኑን እንደ ነቃች ወስዳ ቡናው እስኪፈላ ብትጠብቅ ይበቃል። የካልሲየምና የብረት ክኒን የምትወስድ ከሆነ ግን አራት ሰዓት ያህል ልዩነት ያስፈልጋል፤ ይህንን የሚነግራት ሰው ብዙ ጊዜ አታገኝም።

ስለ ጾም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከሌሊት ጀምራ ውኃ የማትቀምስ ጿሚ፣ ወይም በረመዳን የምትጾም እናት፣ መድኃኒቷን ትታ ከመጾምና ጾሟን ትታ ከመውሰድ አንዱን መምረጥ ያለባት ይመስላታል። ከራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መውሰድ የተፈቀደ አማራጭ ነው፤ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ደቂቃ አይፈጅም። ወደ ጠበል የምትሄደውንም ቢሆን መድኃኒቷን ይዛ እንድትሄድ ምከሯት እንጂ አትሟገቷት። እዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። የሆርሞኑ ግማሽ ከደም የሚጠፋው በሰባት ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ክኒኑን ያቆመች ሴት በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ላይሰማት ይችላል፤ እንዲያውም «ለካ አያስፈልገኝም ነበር» ትላለች። ድካሙ፣ ብርዱና የሆድ ድርቀቱ ከሳምንታት በኋላ ቀስ ብለው ሲመጡ ከክኒኑ ጋር አታያይዛቸውም።

«ደህና ነዎት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትባላላችሁ። መልሱ ጨዋነት ስለሆነ በካርዱ ላይ እንደ ምርመራ ውጤት አትጻፉት። ይልቅ «ከለገሀር ተነሥተው በቸርችል ጎዳና እስከ ፒያሳ ሳያርፉ ይወጣሉ? አምና እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ድምፅም እንዲሁ። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ወደ ማንቁርት የሚሄዱት ነርቮች ሲነኩ ድምፅ ይጎረንናል፤ ከእነዚህ አንዱና ቀጭኑ ሲጎዳ ደግሞ ተራ ንግግር ሳይለወጥ ከፍ ያለው ድምፅ ብቻ ይጠፋል። በዚህ ዓይነት የተጎዳች ሴት ከእናንተ ጋር ስታወራ ጤነኛ ትመስላለች፤ በልጇ ሠርግ ላይ ግን እልል ማለት ያቅታታል። የመዝሙር አገልጋይን፣ አስተማሪን፣ ገበያ ላይ ተጣርታ የምትሸጥን ሴት በዚህ ጉዳይ ሳትጠይቁ አታሰናብቱ። በጣቶቿና በከንፈሯ ዙሪያ የሚነዝራት ከሆነም «ብርድ ነው» ብላ ብታልፈው እናንተ አትለፉት፤ ከታይሮይዱ ጀርባ ያሉት ትናንሽ ዕጢዎች ተጎድተው ካልሲየሟ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ልቧ እንደሚመታ ስትነግራችሁ ወዲያው «ጭንቀት ነው» አትበሉ። ቀድሞ ካንሰሩ እንዳይመለስ በሚል ለሁሉም ከፍ ያለ የክኒን መጠን ይሰጥ ነበር፤ ይህም ለዓመታት ሲቀጥል የልብ ምትን ያዛባል፣ የወር አበባ ባቆሙ ሴቶችም አጥንትን ያሳሳል። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ስጋታቸው ዝቅተኛ ለሆነና የበሽታው ምልክት ለማይታይባቸው ታካሚዎች ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢን የሚያነቃቃውና ክኒኑ ሲበዛ በደም ውስጥ የሚወርደው ሆርሞን) ከ0.5 እስከ 2 መካከል እንዲሆን መክሯል። በአሮጌ ትእዛዝ የሚኖሩ ታካሚዎች ዛሬም አሉ፤ መጠኑን ከለወጣችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ እንደገና ለኩ።

ፍርሃቷን በባዶ ተስፋ አትሸፍኑት። ይህ ካንሰር ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል «ፈጽሞ አይመለስም» ማለት ውሸት ነው። የምትችሉት የአንገቷ አልትራሳውንድ ውጤት መቼ እንደሚነገራት ቁርጡን አሳውቃችሁ በተባለው ቀን መንገር ነው። ውጤት ስትጠብቅ እንቅልፍ የምታጣው ታካሚ ከምታስቡት በላይ ናት።

ወጣቶቹን ብቻቸውን አነጋግሯቸው። በአገራችን ታካሚ ከቤተሰብ ጋር ተያይዛ ትገባለች፤ እጮኛ ያላት ልጅ ግን በአማቷ ፊት «መውለድ እችላለሁ?» ብላ አትጠይቅም። ሸኚዎቹን በአክብሮት ውጭ አስቀምጡና ጥያቄውን ራሳችሁ አንሡት። ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ከወሰደች ቢያንስ ስድስት ወር ትጠብቃለች፤ ከዚያ በኋላ ማርገዝና መውለድ ትችላለች። ማርገዟን እንዳወቀች የክኒኑ መጠን ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 በመቶ መጨመር ስለሚያስፈልገው፣ ሳትዘገይ እንድትመጣ አስቀድማችሁ ንገሯት። ስለ ጠባሳዋም ጠይቋት፤ በጥቁር ቆዳ ላይ የሚያብጥ ጠባሳ ስለሚበዛ በሙቀት ቀን ሁሉ አንገቷን በነጠላ ወይም በሻርፕ ጠቅልላ የምትኖር አለች፤ ለዚህም በመርፌ የሚሰጥ ሕክምና መኖሩን ላታውቅ ትችላለች።

የመጨረሻው ጉዳይ ወረቀት ነው። እናንተ ትዛወራላችሁ፣ ለተጨማሪ ትምህርት ትሄዳላችሁ፣ ካርድም ይጠፋል፤ ታካሚዋ ግን ከሐኪም ወደ ሐኪም እየተላለፈች ትኖራለች። የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ ከዕጢው ምን ያህሉ እንደ ወጣ፣ የፓቶሎጂው (የወጣው ሥጋ ምርመራ) ውጤትና የካንሰሩ ስፋት፣ የወሰደችው የአዮዲን መጠን፣ የአሁኑ ክኒን በማይክሮግራም፣ የምትፈልጉት የቲኤስኤች መጠን፣ ቀጣዩ ምርመራ መቼና ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ በእጇ ስጧት፤ ልጇም አንብቦ እንዲረዳው ዋና ዋናውን በአማርኛ አድርጉት። ቀኖቹን በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ። «2009» የሚለውን አንዱ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበው የክትትል ዘመኗ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዛባል፤ የሚቀጥለው ሐኪም የሚያዝላትም በዚያ ስሌት ነው።