የሉርድ እመቤታችንን ኩባያ ለማሳተም ላሰብሽው እህታችን

እህቴ፣ «ለእናቴ የሉርድ እመቤታችን ምስል ያለበት ኩባያ ላሳትምላት አስቤያለሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። (የሉርድ እመቤታችን የምንላት እ.ኤ.አ. በ1858 በፈረንሳይ አገር በሉርድ ከተማ ቤርናዴት ለምትባል ልጅ የተገለጠችውን ማርያምን ነው።) ባለፈው ዓመት እዚህ ጣልያን ለማኅበራችን አረጋውያን እናቶች 20 ኩባያ አሳትሜ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ከፍያለሁና የደረሰብኝን በዝርዝር ልጻፍልሽ። አንቺም እንደ እኔ ለበዓሏ፣ ለፌብሩዋሪ 11፣ ልታደርሺው እንደምትፈልጊ እገምታለሁ።

አንደኛ፣ የምስሉን ምርጫ ለአታሚው አትተዪለት። እኔ «የሉርድ እመቤታችን» ብዬ ብቻ አዘዝሁ፤ በስልክ የላኩልኝንም ናሙና በሥራ መካከል ገረፍ አድርጌ አየሁና «ይሁን» ብዬ መለስሁ። ካርቶኑን ስከፍት ከእጆቿ የብርሃን ጨረር የሚወርድ፣ እባብ የረገጠች እመቤት አገኘሁ። ይህ እኮ እ.ኤ.አ. በ1830 በፓሪስ ለቅድስት ካትሪን ላቡሬ የተገለጠችበት፣ በተአምረኛዋ ሜዳልያ ላይ የምናውቀው ምስል ነው። ከሥሩ ግን በትልልቅ ፊደል «ሉርድ 1858» ተብሎ ተጽፎበታል። የ14 ዓመቷ ቤርናዴት ያየቻት እመቤት ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ሰማያዊ መቀነት ታጥቃ፣ መቁጠሪያ ይዛ፣ በእያንዳንዱ እግሯ ላይ ቢጫ ጽጌረዳ ነበራት።

ስሕተቱን ለማስረዳት ወደ ማተሚያ ቤቱ ስሄድ ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ማዶና ያው ማዶና ናት፤ ናሙናውን ያጸደቅኸው አንተ ነህ» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እናታችን አንዲት መሆኗን እኔም አውቃለሁ፤ ነገር ግን በሉርድ ማርች 25 ቀን ስሟን ስትጠየቅ ያለ ኃጢአት የተፀነሰች መሆኗን በዚያች ድሃ ልጅ የአገር ቤት ቋንቋ የተናገረችው፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛ ያንኑ እምነት በ1854 ካወጁ ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ይህን ሁሉ ታሪክ የሚሸከመው ደግሞ ምስሉ ነው። የማኅበሩን ገንዘብ ከኪሴ ተካሁ፤ ሁለተኛውን ሥራም ለሌላ ቤት ሰጠሁ።

ሁለተኛውን ነገር የተማርሁት እዚያ ነው። በሙቀት የሚታተምበት ዘዴ፣ ሰብሊሜሽን የሚሉት፣ ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጩ የኩባያው የራሱ ነጭነት ነው። ስለዚህ ዙሪያዋ ባዶ ከተተወ ልብሷ ከኩባያው ጋር ይዋሐድና ፊቷ፣ እጆቿና መቀነቷ ብቻ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። እኔ ለንግደት በሄድሁ ጊዜ ራሴ ያነሣሁትን፣ እመቤታችን የተገለጠችበትን የማሳቢዬልን ዋሻ ፎቶ ሰጠኋቸው። ሐውልቷ ከጠቆረው ዓለት ፊት ስለምትቆም ነጭ ልብሷ ጎልቶ ወጣ። (ያን ሐውልት በ1864 የሠራው ቀራጺው ፋቢሽ ቤርናዴትን ጠይቆ ነበር የቀረጸው፤ እርሷ ግን ያየኋትን አይመስልም ብላለች።)

በአማርኛ የምታጽፊ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ቀይረሽ ስጪ፤ ፊደላችን በእነርሱ ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

በበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ኩባያዎቹን ሳድል፣ አንዲት ዓይናቸው የደከመ እናት ኩባያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው፣ ጣታቸውን በቢጫው ጽጌረዳ ላይ አድርገው «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ማለት ጀመሩ። ያን ጊዜ የከፈልሁት ሁሉ ተረሳኝ።

ናሙናው ሲደርስሽ «ይሁን» ከማለትሽ በፊት እዚህ ለጥፊው፤ እግሯን፣ መቀነቷንና እጆቿን አይቼ እነግርሻለሁ።