907 ደውዬ ምን ልበል? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ለዚህ ገፅ የሚደርሰን ጥያቄ በሙሉ ስለ ማስክ ምናምን ነበር። በነሐሴ 2012 ግን ነገሩ ተቀየረ፣ ሰው የሚጠይቀን ሌሊት የሆነ ነገር ቢፈጠር ማንን ልጥራ እያለ ነበር። የያኔዎቹን አራት ከነመልሳቸው መርጠናል፣ ስለ ኮሮና የተባለው የዚያን ጊዜ አሰራር ነው።

*«እናቴ ሽሮ ሜዳ ውስጥ ለውስጥ ለብቻዋ ነው የምትኖረው፣ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ አሁን መምጣት አልችልም። አንድ ነገር ብትሆን ከዚህ ሆኜ አምቡላንስ መጥራት እችላለሁ?»* (የእናቷ ልጅ)

የኔ እህት፣ ቀጥታ አትችዪም። የቀይ መስቀል አምቡላንሱ 907ም ሆነ የእሳትና አደጋው 939 አገር ውስጥ ብቻ የሚሰሩ አጭር ቁጥሮች ናቸው፣ ከአሜሪካ ስልክ ብትሞክሪው አይገባልሽም። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ እዛው ሰፈር ሆኖ የሚደውልልሽ ሰው ነው፣ እሱም አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ሶስት፣ ምክንያቱም አንዱ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሊተኛ ይችላል፣ አንዷ ደግሞ ገጠር ሄዳ ሊሆን ይችላል።

የጎረቤት ቁጥር ይኖርሻል ብዬ እገምታለሁ። የሮንዱን ጥበቃ ቁጥርስ? ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል፣ ግን እኮ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰፈር ውስጥ ነቅቶ ያለው እሱ ብቻ ነው፣ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበትም ያውቃል። የእድሩን ፀሐፊም ያዢ፣ የአባላቱ ስልክ በሙሉ እሱ ጋ አለ። (እድር ሰው ሲሞት ብቻ ነው የሚታወሰው፣ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል።) አንድ ጥሩ ነገር ደግሞ እዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን አንቺ ጋ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ስለሆነ እናትሽ ብትደውልልሽ ነቅተሽ ታገኛታለሽ፣ ከዛ አንቺ ሰዎቹን ማስነሳት ነው።

ቁልፍ ለጎረቤት ስጡ ይባላል፣ እሺ፣ ግን እናትሽ ማታ ከውስጥ መቀርቀሪያ የምታስገባ ከሆነ ቁልፉ ምን ይሰራል? እስቲ ጠይቂያት። ማስቀረት ካልቻልሽ ቢያንስ ጎረቤት በየት በኩል መግባት እንደሚችል ይታወቅ።

ደዋዩ ምን ይበል? «ሽሮ ሜዳ ነን» ማለት ለሹፌሩ ምንም አልነገረውም። ከአስፋልቱ በየትኛው ቤተክርስቲያን ወይ ሱቅ በኩል እንደሚታጠፍ፣ መኪና እስከ በሩ ይገባል ወይስ ኮብልስቶኑ ጋ ይቆማል፣ የታማሚዋ እድሜ፣ ትንፋሽ አላት ወይ፣ ሲጠሯት ትሰማለች ወይ፣ ስኳር እንዳለባት፣ ትኩሳትና ሳል ካለ እሱንም። ጠያቂው ሳይጨርስ ስልክ አይዘጋም። አንድ ሰው የስልኩን መብራት አብርቶ አስፋልት ላይ ይቁም፣ መኪናው የማይገባ ከሆነ ደግሞ ማስክ ያደረጉ ጎረምሶች ለመሸከም ይዘጋጁ። የምትወስዳቸው መድሃኒቶች ስም በትልቁ ተፅፎ ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ። ገንዘብ የምትልኪ ከሆነ ጠብታ አምቡላንስም አለ፣ የግል ስለሆነ ያስከፍላል፣ ቁጥሩ 8035 ነው።

*«ባለቤቴ የ8 ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰሞኑን ሳል ይዟታል። ሳል አለ ካላችሁ የኮሮና ማከሚያ ወደሆነው ሚሊኒየም አዳራሽ ነው የሚወስዷችሁ ብለው አስፈራሩን። ምጥ ቢመጣ ሳሉን ባንናገርስ?»* (ከጀሞ 2)

ኧረ ወንድሜ ተናገሩ። ባለሙያዎቹ መከላከያ ልብሱን ለብሰው የሚመጡት ሳል አለ ሲባሉ ነው፣ ደብቃችሁ በኋላ ቫይረሱ ከተገኘባት ሰዎቹ ለይቶ ማቆያ ይገቡና አምቡላንሱ ያለ ሰራተኛ ይቆማል፣ የሚቀጥለው ደዋይ ደግሞ የሌላ ሰው ሚስት ናት። በዛ ላይ ምጡን ለምን ትጠብቃላችሁ? ዛሬውኑ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 ላይ ደውሉና ስለ ሳሉ ተናገሩ፣ ክትትል የምታደርግበት ጤና ጣቢያም አስቀድሞ ይወቅ። ስላሳለች ብቻ ማንም አፍሶ አይወስዳትም፣ መጀመሪያ ምርመራ አለ።

ሰፈር ውስጥ እንደሆነ ከበሽታው ይልቅ አምቡላንሱ ነው የሚፈራው፣ ሳይረኑ ሲሰማ መስኮት የሚዘጋ ጎረቤት አለ፣ በማግስቱ «ተወሰደች» ተብሎ ይወራል። ይወራ። ደም ከፈሰሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ከእይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣባት፣ ካንቀጠቀጣት፣ ሽርት ውሃው ከፈሰሰ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ስለ ወሬው የምታስቡበት ሰዓት አይደለም። አምቡላንስ ቢዘገይ የሚያደርስ የምታውቁት ባለመኪና ከአሁኑ ይነገረው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ደረጃውን ማን ደግፎ ያወርዳታል የሚለውንም አስቡበት።

*«ማስክ ያደረጉ ሰዎች ከጤና ቢሮ ነን፣ ሙቀት እንለካለን ብለው በር ያንኳኳሉ። ሁሉም ፊቱን ሸፍኖ እንዴት ነው የማውቀው?»* (ከኮተቤ)

ቤት ለቤት የሚዞሩ እውነተኛ ሰራተኞች አሉ፣ ስለዚህ የመጣውን ሁሉ ማባረር አይደለም። ባጅ ጠይቂ፣ ካላመንሽ ወረዳሽ ደውለሽ አረጋግጪ፣ የሰፈራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አብራ ካለች በድምጿም ታውቂያታለሽ። ሙቀት ግቢ በር ላይ ቆሞ ይለካል፣ ሳሎን መግባት አያስፈልገውም። ገንዘብ፣ የባንክ ደብተር፣ የኤቲኤም ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ሌባ ነው፣ በሩን ዝጊና 991 ፖሊስ ጋ ደውዪ።

*«ብርዱ ስለጠና ማታ የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት እናስገባለን። ሰሞኑን ጠዋት ስንነሳ ሶስታችንንም ራሳችንን ያመናል፣ ያቅለሸልሸናል። ኮሮና ይዞን ይሆን?»* (ከፈረንሳይ ለጋሲዮን)

ሶስታችሁም በአንድ ጠዋት፣ ትኩሳት ሳይኖር፣ ውጪ ወጣ ስትሉ ደግሞ የሚለቃችሁ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከሰሉን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ሰው የሚሸወደው ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ነው፣ «አሁን ነደደ፣ አስገቡት» ይላል፣ መርዙ ግን ከዛም በኋላ ይወጣል። በሽታ እንዳይገባ ብላችሁ መስኮቱን ከዘጋችሁት ደግሞ ባሰ፣ ለኮሮናም ቢሆን የሚሻለው አየር የሚያስገባ ቤት ነው። ዛሬ ማታ ምድጃው ውጪ ይደር፣ እናንተም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ከሰሉ ንገሯቸው። አንድ ሰው አልነቃ ካለ በርና መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጪ ጎትቶ ማውጣት፣ ከዛ 907 ወይ 939። ወተት አታጠጡት፣ ራሱን የሳተ ሰው ይታነቃል።

ከሰል ካነሳን አይቀር፣ ሳኒታይዘር አልኮል ነው፣ ይነዳል። ቡና ስታፈሉ እጃችሁን በሱ ካሻችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ወደ ፍሙ አትጠጉ፣ ያን በርካሽ ተገኘ ብላችሁ የገዛችሁትን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ደግሞ ከማድቤት አውጡት።