ክላክሱን ከመቀየራችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ መስራት ከጀመርኩ ሰላሳ ዓመት አልፎኛል። አሁን ያለ መነጽር የፊውዝ ቁጥር አላነብም። ሰሞኑን ወደ ጋራዡ የሚመጡ ወጣቶች በዝተዋል። አንዱ የአባቱን ዲኤክስ ወርሶ፣ አንዱ ተበድሮ አሮጌ ሃይሉክስ ገዝቶ፣ ሌላው ሙያ ሊለምድ ይመጣል። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ክላክሱ እምቢ አለ፤ አዲስ ልግዛ?»

አትግዙ። ቢያንስ ዛሬ አትግዙ።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ሦስተኛ ክላክሱን በፌስታል ይዞ መጣ። «የመጀመሪያው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነበር፣ ሁለተኛውም ሳምንት ሳይሞላው እንደዚያው ሆነ» አለኝ። የመጀመሪያውን አስመጣሁትና በሁለት ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኘሁት። ሲጮህ ጎረቤት ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ብርጭቆ ልትጥል ነበር። ክላክሱ ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቼ ክላክሱን ከቦዲው ጋር የሚያስረውን ቡሎን ፈታሁት። ስሩ ዝገትና ቀለም ብቻ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት፣ መልሼ አጠበቅኩ፣ አለቀ። የሦስት ክላክስ ዋጋ የበላው አንድ ቡሎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ ወደ ባትሪ መመለስ አለበት። ሲሄድ በሽቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመኪናው ብረት ነው የሚመጣው። በተለይ አንድ ሽቦ ብቻ የሚገባበት ክላክስ መመለሻው ያ ቡሎን ነው። የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጭቃውና ውሃው ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ቡሎን ላይ ሲረጭ ከርሟል። አሮጌ መኪና ላይ እቃው ራሱ ከሚበላሽ ይልቅ መጋጠሚያው ነው የሚበላሸው። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት የቀየርኩት ክላክስ፣ ካጸዳሁት ቡሎንና ተርሚናል ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ሰው መሪው ላይ ይጫንላችሁ፣ እናንተ ሪሌው አጠገብ ቁሙ፤ ሪሌ መሪው ሲጫን ለክላክሱ ኤሌክትሪክ የሚለቅለት ትንሽ ሳጥን ነው። «ጠቅ» ካለ የመሪው መጫኛ ደህና ነው፤ ችግሩ ከሪሌው ጀምሮ እስከ ክላክሱና መመለሻው ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ካላለ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን፣ መጨረሻ ላይ መሪው ውስጥ ያለውን መነካኪያ እዩ። ሲጫን የፊት መብራቱ ደብዘዝ የሚል ከሆነ ደግሞ ክላክሱን ተዉትና ወደ ባትሪው ሂዱ። ሞተር ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተር ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ይህም ደህና ከሆነ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን የክላክሱ ማሰሪያ ብረት ላይ አድርጋችሁ ክላክሱን አስጫኑ። ዜሮ አካባቢ ማንበብ አለበት። ግማሽ ቮልት ካለፈ መመለሻው ተበልቷል።

ኤርባግ ያለው መሪ ግን ለመለማመጃ አይሆንም። ባትሪው ተነቅሎ ደቂቃዎች ሳይቆዩ፣ የሚያውቅ ሰውም በሌለበት እንዳትከፍቱት።

በራሱ የሚጮህም አለ። አንድ ጊዜ በሁዳዴ ጾም ሌሊት ሰፈር ውስጥ የቆመ ኮሮላ ድንገት ማንባረቅ ጀመረ። ወጥቼ ሳይ ባለቤቱ ጋቢውን እንደለበሰ መሪውን በቡጢ ይነርተዋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች ቆመው ያማትባሉ። ፊውዙን ነቀልኩትና ጸጥ አለ። አብዛኛው ክላክስ ላይ መሪውን ስትጫኑ የምታደርጉት አንድ ሽቦ ከብረት ጋር ማገናኘት ነው። የዚያ ሽቦ ልባስ መሪው ስር ተልጦ ብረቱን ነክቷል፤ መኪናው ሰው የተጫነው መስሎታል። ድካሙ ቦታውን መፈለግ ነው እንጂ ጥገናው የአምስት ደቂቃ ስራ ነው።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። በወጣትነቴ አንድ ላንድክሩዘር ይዘን ከደጀን ወደ አባይ እየወረድን ነበር። ማታ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ያለ ክላክስ መውረድ አይታሰብም፤ ኩርባው ብዙ ነው፣ የጭነት መኪናውም ብዙ ነው። የክላክሱ ፊውዝ ተቃጠለ። ቀየርኩት፣ ደግሞ ተቃጠለ። መለዋወጫ ፊውዝ ጨርሼ ስለነበር ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልዬ ሰካሁበት። ክላክሱ ሰራ፣ እኔም ኮራሁ። ድልድዩ ሳንደርስ ከዳሽቦርዱ ስር የላስቲክ ሽታ መጣ፣ ከዚያ ጭስ። ዘልዬ የባትሪውን ሽቦ ስመነጭቅ እጄ እስካሁን ምልክቱ አለበት። የተላጠ ሽቦ ብረት እየነካ ነበር፤ ፊውዙ ሁለት ጊዜ ነግሮኛል፣ እኔ ግን አፉን ዘጋሁት። ስለዚህ ቀዩ 10 አምፔር፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20 መሆኑን ያዙ። 10 የነበረበት ላይ 10 ነው የሚገባው። ደጋግሞ ከተቃጠለ የሚፈለገው የተላጠው ሽቦ ነው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ መጨመር ትወዳላችሁ። ትልቅ ስፒከር፣ ኤልኢዲ፣ የአውቶብስ የሚመስል ክላክስ። አልቃወምም፣ እኔም ጎረምሳ ነበርኩ። ግን ለአንድ ተራ ክላክስ፣ ለአምስት አምፔር አካባቢ ተብሎ የተዘረጋ ያረጀ ሽቦ ላይ ጠምዝዛችሁ በፕላስተር አትጠቅልሉት። ውስጡ ውሃ ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል፣ ዓመት ሳይሞላው ትመጡብኛላችሁ። ከባትሪው የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ፊውዝና የራሱ ሪሌ ይኑረው። እና እባካችሁ፣ ኮሶበር አካባቢ ፈረሰኛ ስታዩ በዚያ ነገር አታንባርቁበት።

ክላክሱን መልሳችሁ ስታስሩ አፉን ወደ ታች አድርጉት። ወደ ላይ ከዞረ የሐምሌ ዝናብ እንደ ጣሳ ይጠራቀምበታል።

ያ ልጅ አንዱን አስገጥሞ ሁለቱን ክላክሶች ትቶልኝ ሄደ። መደርደሪያው ላይ አሉ፣ ሁለቱም ይጮሃሉ። የእውነት የተቃጠለበት ሰው ካለ መጥቶ ይውሰድ።