ሻንጣውን ገልብጣችሁ እዩት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉም ከጅማ የተላኩ ናቸው። መልስ የሚሰጡት በጅማ መርካቶ ሻንጣና ቦርሳ በመጠገን የሚተዳደሩ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ በመስከረም ለትምህርት ወደ ጀርመን ትሄዳለች። ቲኬቷ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅድላታል። አንዷ ጎረቤቴ «የሚያብረቀርቀውን ደረቁን ግዢ፣ ይጠነክራል» ትለኛለች። ሌላዋ «የጨርቁ ይሻላል» ትላለች። ባለሱቁ ደግሞ ሁለቱንም ያመሰግናል። የትኛውን ልግዛ? ለስንቅ ቅቤ፣ ማር፣ ቋንጣ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡናና ጀበና አሰናድቼላታለሁ። (እናት፣ ከጅሬን)

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ባለሱቁ ሁለቱንም ቢያመሰግን አይፍረዱበት፣ ሁለቱንም ይሸጣል።

ጎረቤቶችዎ የሚከራከሩት ስለ ሻንጣው ገላ ነው። እኔ ዘንድ ግን ገላው ተጎድቶ የሚመጣ ጥቂት ነው። የሚመጣልኝ ጎማው የተነቀለ፣ መጎተቻው አልወጣ ያለ፣ ዚፑ አፉን የከፈተ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ ቀለሙን ይተዉትና ሻንጣውን ገልብጠው እግሩን ይዩ። ጎማው በብሎን ታስሮ ከሆነ ደስ ይበልዎት፤ ሲያረጅ ብሎኑ ይፈታል፣ ሌላ ጎማ ይገባል። በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያዝና እንደ ብሎን በማይፈታ ሚስማር፣ ተመትቶ ከሆነም ተስፋ አለው፤ ገበሩን ተርትሬ፣ ሪቬቱን ሰርስሬ አወጣለሁ፣ ሥራው ግን ረዘም ይላል፣ ዋጋውም እንደዚያው። የጎማው ቤት ከሻንጣው ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ከሆነ ግን የተሰበረ ዕለት ሻንጣው አብሮ አለቀ። እንዲህ ያለውን ይዘውልኝ ሲመጡ ገንዘብ ከመቀበል መመለስ ይቀለኛል።

አራት ጎማ ያለው በአውሮፕላን ማረፊያ ልስልስ ወለል ላይ በአንድ ጣት ይነዳል። ከጅሬን ቁልቁል በኮብልስቶን ላይ ግን አይነዳም፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡ ከጫኝና አውራጅ እጅ ሲወድቅ መጀመሪያ መሬት የሚመቱት እነሱ ናቸው። ሁለት ጎማ ያለው ግን ጎማዎቹ በከፊል ገላው ውስጥ የተቀበሩ ናቸው። ሌላም ነገር አለ። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ የሚለው የብዙ አየር መንገዶች ደንብ ጎማውንና እጀታውን ይጨምራል። ረጅም እግር ያለው ሻንጣ ከልብስ ቦታ ቆርሶ ለእግሩ ይሰጣል ማለት ነው።

ከዚያ መጎተቻውን እስከ መጨረሻው ይሳቡትና ግራ ቀኝ ይነቅንቁት፤ እንደ ሰካራም ከተወላገደ ይተዉት። ዚፑን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በተለይ ማዕዘኑ ላይ፣ ወዲያና ወዲህ ያስኪዱት። ማዕዘን ላይ የሚይዝ ዚፕ ሻንጣው ሲሞላ እዚያው ላይ ይፈነዳል።

ስለ ገላው ከጠየቁኝ፣ ደረቅ ከሚባሉት መካከል ፖሊካርቦኔት የሚባለው ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይመለሳል። ኤቢኤስ የሚባለው ርካሽ ፕላስቲክ ግን መታጠፍ አይወድም፣ ይሰነጠቃል፤ በብርድ አገር ደግሞ ይብስበታል። ባለሱቁ ቢቆጣም በመዳፍዎ ይጫኑት። እኔ ለልጅዎ የምመርጥላት ወፍራም የጨርቅ ሻንጣ ነው፣ ምክንያቱም ጨርቅ ቢቀደድ ይሰፋል። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ የሚሰፋ መርፌ እኔ የለኝም። ከመግዛትዎ በፊት ባዶውን ያስመዝኑት። ትልቅ ሻንጣ ባዶውን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ 5 ኪሎውን ከገዙ ለልጅዎ የቀረላት 18 ኪሎ ነው፣ ልዩነቱ የበርበሬዋና የሽሮዋ ድርሻ ነበር።

አሁን ወደ ስንቁ። ቅር እንዳይልዎት እንጂ ቅቤውንና ቋንጣውን ከአሁኑ ያውጡት። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች መንገደኛ ከሌላ ዓለም ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። የነጠረ ቅቤም ያው ቅቤ ነው፤ ጉምሩክ ላይ ይወሰድባታል፣ ደብቃ ከተገኘችም ልትቀጣ ትችላለች። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ማር በእጅ ሻንጣ ሲገባ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፣ ፈሳሽ ደግሞ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ባለው ዕቃ አይታለፍም። ስለዚህ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ብርጭቆ አይሁን፣ ሰፊ አፍ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይሁን። ከክዳኑ ሥር ላስቲክ ያንጥፉ፣ ክዳኑን በፕላስተር ይዙሩበት፣ ከዚያ በሁለት ፌስታል አስረው በልብስ መካከል ያቁሙት። በርበሬና ሽሮ በወፍራም ላስቲክ ይታሸጉ፤ በላያቸው ላይ ምንነታቸውን በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ይጻፉ። ስም የሌለው ቀይ ዱቄት የጉምሩክ ሠራተኛን ሻንጣ ያስፈታል።

ጀበናው በእጇ ይሂድ። ጀበና የሚሰበረው ሆዱ ላይ አይደለም፣ አንገቱና መያዣው ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ በመያዣውና በሆዱ መካከል ያለውን ክፍተት በካልሲ ይጠቅጥቁት። አንገቱን ለብቻው በነጠላ ይጠቅልሉ፣ ቀጥሎ ሁሉንም በጋቢ ያልብሱት። ጋቢው ለብርዱም ያስፈልጋታል። ወፍራም ካፖርት ግን ከዚህ ተሸክማ አትሂድ፤ ሻንጣውን ይበላባታል፣ እዚያም ለብርዳቸው የሚሆነውን ታገኛለች።

አጫጫኑን በተመለከተ ከባድ ከባዱ ሻንጣው ሲቆም ወደ ጎማው በሚውለው በኩል፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። የጥንቱ የሂርማታ ገበያ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን ሲጭን ግራና ቀኙን ካላመዛዘነ ጀርባዋ ይገጠብ ነበር፤ የሻንጣም መጎተቻ የሚጣመመው እንደዚሁ ጭነቱ አናቱ ላይ ሲከመር ነው። ደግሞ አንዱን ሻንጣ የስንቅ፣ ሌላውን የልብስ አያድርጉት። አንደኛው መንገድ ላይ ቢዘገይ ልጅቱ ወይ ቅያሪ ልብስ ያጣች ወይ ሽሮ ያጣች ትሆናለች። ከሁለቱም ከሁለቱም ይደባልቁ። ኪሎውም አይደማመርም፤ አንዱ 20፣ ሌላው 26 ከሆነ ድምሩ ትክክል ነው ብለው ቢከራከሩ ማንም አይሰማዎትም።

ጥያቄ፦ ብዙ ጊዜ ከጅማ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ሻንጣዬ መኪናው ጣሪያ ላይ ይጫናል፤ ስደርስ ልብሴ ይረጥባል። ባለፈው ደግሞ ለዘመድ የያዝኩት ቅቤ ቀልጦ ሱሪዬን አበላሸው። ሸራ አልብሰናል ይላሉ። ምን ላድርግ? (ተማሪ፣ ከቦሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሸራውንማ ያለብሱታል። ሸራው ግን ከላይ ነው፤ ውሃው የሚገባው ከጎንና ከሥር ነው። ጅማ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ ይህ የአንድ ወር ጉዳይ አይደለም። መፍትሔው ከሻንጣው ውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው፦ አንድ ትልቅ ወፍራም ላስቲክ ሻንጣው ውስጥ አንጥፍ፣ ልብስህን እሱ ውስጥ ጨምር፣ አፉን ጠምዝዘህ እጠፈው። ሻንጣው ቢረጥብም ልብሱ አይረጥብም። ማዳበሪያ ውስጥ ከትተው የሚጭኑ አሉ፤ ከአቧራና ከመቧጨር ያድናል፣ ዝናብ ግን በሽመናው መካከል ያልፋል።

ገመዱ የሚታሰረው በሻንጣው እጀታ እንዳይሆን ለረዳቱ በትሕትና ንገረው። እጀታው ላይ ታስሮ የሄደ ሻንጣ ስፌቱ ተተርትሮ እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔ ሥራ ባልጠላም፣ ገንዘብህ ለደብተር ይሁን።

ቅቤውን ያቀለጠው ጊቤ ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅማ ደጋማ አየር ተነስቶ ወደ ጊቤ በረሃ ሲወርድ ሙቀቱ ጣሪያ ላይ ያለውን ሁሉ ያገኘዋል። ወደ ወልቂጤ ሲወጣ ቅቤው መልሶ ይረጋል፣ ግን ሱሪህ ላይ ነው የሚረጋው። ቅቤ ከሻንጣ ጋር አይጫን። ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ አድርገህ በዘንቢል እግርህ ሥር አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ሻንጣዬን በትንሽ ቁልፍ እቆልፋለሁ። በቂ ነው? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ለጨዋ ሰው በቂ ነው። ጥርሱ ጠመዝማዛ የናይለን ክር የሆነው የተለመደው ዚፕ በእስክሪብቶ ጫፍ ተወግቶ ይከፈታል፤ የዚፑን ራስ አንድ ጊዜ አመላልሰው ደግሞ እንዳልተነካ ይዘጋሉ። ቁልፉ የዚፑን ራሶች ያስራል እንጂ ጥርሱን አይጠብቅም። እንግዲህ ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃና መድኃኒት ከእጅ ሻንጣ አይውጡ። ፓወር ባንክም እንደዚሁ፤ በእሳት አደጋ ምክንያት በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። በጥቅሉ 100 ዋት ሰዓት (Wh፣ ባትሪው የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ድረስ ያለው በእጅ ይታለፋል፣ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሚለው የተለመደው ፓወር ባንክ 74 ዋት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ አያሳስብም። ጽሑፉ የጠፋበትን ግን አትያዘው፣ ፈታሹ ከጽሑፉ ሌላ የሚያየው የለም።

ጥያቄ፦ አባቴ የተወልኝ የቆዳ ሻንጣ አለኝ። በየክረምቱ ሻጋታ ይወርሰዋል። ባለቤቴ ቅቤ ቀባችው፣ ባሰበት። በዚህ ዓመት ሐጅ ስሄድ ልይዘው አስባለሁ፤ ይድናል? (ከቆጪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ክፉ አላሰቡም፣ ቆዳ በቅቤ ማልፋት የአባቶች ሥራ ነው። ነገር ግን ቅቤ ሲቆይ ይሸታል፣ ለሻጋታውም ምግብ ይሆነዋል። መጀመሪያ ሻንጣውን ደጅ አውጥተው ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፤ ቤት ውስጥ ካራገፉት ብናኙ ሌላ ልብስ ላይ ያርፋል። ኮምጣጤና ውሃ እኩል ደባልቀው ጨርቅ ነክረው፣ በደንብ ጨምቀው፣ ገላውን ይጥረጉት። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት ተከፍቶ ይዋል። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ሻጋታው ይሞታል፣ ቆዳውም አብሮት ይሰነጠቃል። ሲደርቅ ቀለም የሌለው የጫማ ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡት።

ሽታው እንዲለቅ ከሰል በጨርቅ ቋጥረው፣ ጋዜጣም ጨምድደው ውስጡ ያስቀምጡ፤ ጋዜጣውን እርጥበት ሲስብ ይቀይሩት። ላስቲክ አያልብሱት፤ ጅማ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ቆዳ ትንፋሽ አጥሮት ይሻግታል። ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ አድርገው በርጩማ ላይ ያኑሩት።

ለሐጅ ግን አልመክርዎትም። እንዲህ ያለው ሻንጣ ባዶውን ከባድ ነው፣ ጎማ የለውም፣ እዚያ ደግሞ በሕዝብ መካከል ብዙ መንገድ ይሄዳሉ። ጎማ እንግጠምለት ካሉኝም እምቢ እላለሁ፤ ለጎማ ሲባል የአባትዎን ቆዳ አልበሳም። ለመንገዱ ቀለል ያለ የጨርቅ ሻንጣ ይግዙና ከሌላው ሰው ሻንጣ እንዲለይ እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ ይሰፉበት። መንገደኛው ሁሉ ጥቁር ሻንጣ ነውና ይዞ የሚመጣው።