«ተጭኗል» ከማለታችሁ በፊት፤ ለወጣት የሰርቨር ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፣

የደህንነት ማሻሻያ መጫን ለጀማሪ ቀላል ተግባር ይመስላል፤ ትእዛዙ ይጻፋል፣ ፋይሉ ይወርዳል፣ በመጨረሻም መጫኑ መጠናቀቁን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። ያንን መልእክት ስታዩ ሥራው ገና እንዳላለቀ ማሰብን ከወዲሁ እንድትለምዱ አጥብቄ እመክራችኋለሁ።

በአንድ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ መረጃን እንደሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ያለ ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ሲታደስ፣ አዲሱ ፋይል ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ አስቀድሞ የተነሳው የዌብ ወይም የኢሜይል አገልግሎት ግን አሮጌውን በሜሞሪ እንደያዘ መሥራቱን ይቀጥላል። አገልግሎቱ ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ ማሻሻያው ሊዘጋው የታሰበው የደህንነት ክፍተት አልተደፈነም። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነልም ላይቭ ፓቺንግ (ሰርቨሩን ሳያቋርጡ ከርነሉን ማደስ) ካልተጠቀማችሁ በስተቀር ሰርቨሩ ሪቡት ሳይደረግ አይታደስም። ስለዚህ ምን እንደተጫነ ካያችሁ በኋላ በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ፈትሹ። በስሪት ቁጥር ብቻም አትፍረዱ፤ ሬድ ሃትና ዴቢያን የተባሉት የሊኑክስ አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ ጥገናውን ወደ ነባሩ ስሪት ስለሚያስገቡት፣ ዋናው ቁጥር ሳይለወጥ ክፍተቱ ሊዘጋ ይችላልና የአቅራቢውን የደህንነት ማስታወቂያ አንብቡ።

አንዳንዴ ሪስታርት ማድረግም አይበቃም። ሃርትብሊድ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤል ክፍተት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2014 ይፋ ሲሆን፣ አጥቂዎች ምስጢራዊ ቁልፎችን ከሰርቨሩ ሜሞሪ ማንበብ ይችሉ ስለነበር፣ ከማሻሻያው በኋላ ቁልፎቹን መለወጥና የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጡትን የቀድሞ ሰርተፊኬቶች መሰረዝ ግድ ነበር። ቁልፉን ሳይለውጥ ሶፍትዌሩን ብቻ ያደሰ ሰው፣ ምናልባት የተሰረቀ ቁልፍ ይዞ መሥራቱን ቀጥሏል ማለት ነው።

የመዘግየትን ዋጋ ለመረዳት እ.ኤ.አ. 2017ን አስታውሱ። ማይክሮሶፍት አንድ የዊንዶውስ ክፍተት የሚዘጋ ማሻሻያ ማርች 14 ቀን አውጥቶ ነበር፤ በዚያው ክፍተት የተጠቀመው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የተሰራጨው ሜይ 12 ቀን ሲሆን፣ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀር ቀጠሮ እስከመሰረዝ የደረሰ ጉዳት አስከትሏል። የሚያዘገዩ ባለሙያዎችን ሁሉ በስንፍና መክሰስ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ብዙዎቹን የሚይዛቸው ማሻሻያው አገልግሎት ያቋርጣል የሚል ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም መሠረት አለው፤ ጁላይ 19 ቀን 2024 የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ ያሰራጨው ጉድለት ያለበት ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አድርጓል። መፍትሔው በመፈተሻ ሰርቨር ላይ መሞከር፣ ቀጥሎ በጥቂት ሰርቨሮች ላይ ጭኖ መከታተል፣ ከዚያም ወደ ሁሉም ማዳረስ ነው፤ ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወደ ነበረበት መመለስ እንደሚችል በተግባር ያረጋገጣችሁት ባክአፕ ይኑራችሁ።

የሰርቨሮቻችሁንና በውስጣቸው ያሉትን ሶፍትዌሮች ዝርዝርም ሳታቋርጡ አድሱ። በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ በተባለው፣ የፕሮግራሞችን ክንውን በሚመዘግበው ላይብረሪ ውስጥ ያለው ክፍተት ሲገለጥ ከባዱ ሥራ በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የተቀበረውን ይህን ላይብረሪ ፈልጎ ማግኘት ነበር።

በመጨረሻም ከአገልግሎቱ ባለቤቶች ጋር ቋሚ የጥገና ሰዓት ተስማሙ። አጥቂዎች እየተጠቀሙበት ያለ ክፍተት ሲገጥም ያንን ሰዓት ሳትጠብቁ ሰርቨሩን ሪቡት እንድታደርጉ ማን እንደሚፈቅድ፣ እርሱ ባይገኝ ደግሞ ማን እንደሚተካው፣ ችግሩ ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ አስወስኑ።