ከነባር ኮንቴይነር አዲስ ኢሜጅ ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ዶከር ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው፤ ኢሜጅ ደግሞ ኮንቴይነር የሚነሣበት ቅጂ ነው። ከኮንቴይነር ኢሜጅ ስለሚያወጣው ትዕዛዝ ስለ «ዶከር ኮሚት» የከበዳችሁን ጠይቁ። ትዕዛዞቹን እዚህ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ነው የሚገቡት።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ ኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም) ጫንኩ። እንዳይጠፋብኝ እንዴት ኢሜጅ ላድርገው?

መልስ፦ ኮንቴይነሩ ስለቆመ ብቻ የጫንከው አይጠፋም። የሚጠፋው በ«ዶከር አርኤም» ስትሰርዘው ወይም ከመነሻው በ«--አርኤም» (ሲቆም ራሱ ይሰረዝ በሚለው ምርጫ) አስነሥተኸው ከሆነ ነው። ስሙን በ«ዶከር ፒኤስ -ኤ» አግኝና በ«ዶከር ዲፍ» የተለወጡትን ፋይሎች እይ፤ «ኤ» የተጨመረ፣ «ሲ» የተለወጠ፣ «ዲ» የተሰረዘ ፋይል ነው። የማይፈለገውን አጽዳና፦

ዶከር ኮሚት -ኤም "ኤንጂንኤክስ ተጨምሯል" የኮንቴይነሩስም ዌብ:1.0

ስም ካልሰጠኸው ኢሜጁ ስም አልባ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንድ ቀን «ዶከር ኢሜጅ ፕሩን» ስትል አብሮ ይጠረጋል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አድርጌዋለሁ። ግን አዲሱ ኢሜጅ ሲነሣ ኤንጂንኤክስ የለም፣ ባሽ (የትዕዛዝ መጻፊያው) ብቻ ነው።

መልስ፦ ኮንቴይነሩን ያስነሣኸው በባሽ ስለሆነ ኢሜጁም ያንኑ ወረሰ። ሲነሣ የሚሠራውን ትዕዛዝ («ሲኤምዲ») በ«--ቼንጅ» ለውጠህ ድገመው፦

ዶከር ኮሚት --ቼንጅ 'ሲኤምዲ ["ኤንጂንኤክስ", "-ጂ", "ዴሞን ኦፍ;"]' የኮንቴይነሩስም ዌብ:1.1

«ዴሞን ኦፍ» ከሌለ ኤንጂንኤክስ ራሱን ወደ ጀርባ ይልካል፣ ዋናው ፕሮሰስ ያልቃል፣ ኮንቴይነሩም ይዘጋል። «--ቼንጅ» «ኤንቭ» (ለፕሮግራሙ የሚሰጡ ቅንብሮች)፣ «ኤክስፖዝ»፣ «ዩዘር»፣ «ወርክዲር»ንም ይቀበላል፤ «ረን» እና «ኮፒ»ን ግን አይቀበልም።

ውርሱ በዚህ አያበቃም። ኮንቴይነሩን ስታስነሣ በ«-ኢ» (የ«ኤንቭ» መስጫ) የሰጠኸው የይለፍ ቃል ኢሜጁ ውስጥ ይቀመጣል፤ ኢሜጁን ያገኘ ሁሉ በ«ዶከር ኢንስፔክት» ያነበዋል። እንዲህ ያለውን ኢሜጅ ዶከር ሃብ (የኢሜጆች የጋራ መጋዘን) ላይ መጫን የይለፍ ቃሉን አደባባይ መለጠፍ ነው።

ጥያቄ፦ የማይኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ኮንቴይነሬን ኮሚት አድርጌ ሌላ ሰርቨር ላይ ሳስነሣው ዳታው የለም። እኔ ምንም ቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ ያለ የዳታ ማስቀመጫ) አልፈጠርኩም!

መልስ፦ አንቺ ባትፈጥሪም ዶከር ፈጥሮልሻል። የማይኤስኪውኤል ኦፊሴላዊ ኢሜጅ /ቫር/ሊብ/ማይኤስኪውኤልን ቮልዩም ብሎ አውጇል፤ ሲነሣ «-ቪ» (ቮልዩም መስጫው) ሳይጻፍም ስም አልባ ቮልዩም ይከፈታል። ኮሚት ደግሞ የኮንቴይነሩን የራሱን ተጻፊ ንብርብር (ከኢሜጁ በላይ ለውጡ የሚጻፍበትን) ብቻ ነው የሚያነሣው፣ ቮልዩም አይነካም። በ«ዶከር ኢንስፔክት» «ማውንትስ» የሚለውን ክፍል ብታዪ ታገኚዋለሽ።

ዳታው ያለው አሮጌው ሰርቨር ላይ ነውና ኮንቴይነሩን በ«ዶከር አርኤም -ቪ» እንዳትሰርዢው፤ ቮልዩሙም አብሮ ይሄዳል። በ«ማይኤስኪውኤልደምፕ --ኦል-ዳታቤዝስ» ወደ ፋይል አውጪውና አዲሱ ሰርቨር ላይ መልሺው። የቮልዩሙን ፎልደር በ«ታር» መቅዳትም ይቻላል፤ በቅድሚያ ዳታቤዙ መቆም አለበት።

በነገራችን ላይ /ኢቲሲ/ሆስትስ እና /ኢቲሲ/ሪዞልቭ.ኮንፍ ላይ የተደረገ ለውጥም ወደ ኢሜጁ አይሻገርም፤ ዶከር ከውጭ የሚያስገባቸው ፋይሎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ኮሚት ሳደርግ አገልግሎቱ ለአፍታ ቀጥ አለ። ለምን?

መልስ፦ በግማሽ የተጻፈ ፋይል እንዳይቀዳ ዶከር ፕሮሰሶቹን አግዶ ነው የሚሠራው። በ«--ፖዝ=ፎልስ» ማስቀረት ይቻላል፤ አልመክርም። ፖድማን (ዶከርን የሚመስል ሌላ መሣሪያ) ግን ካልተነገረው አያግድም።

ጥያቄ፦ ትልቅ ፋይል ሰርዤ ኮሚት ባደርግም የኢሜጁ መጠን አልቀነሰም።

መልስ፦ ፋይሉ ከታችኛው ኢሜጅ የመጣ ከሆነ መሰረዙ ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም፤ በታች ንብርብር እንዳለ ነው። እዚያው ኮንቴይነር ውስጥ አውርደው ከኮሚት በፊት የሰረዙት ግን አይቆጠርም፤ ስለዚህ «አፕት-ጌት ክሊን» (የወረዱ የመጫኛ ፋይሎችን የሚያጸዳው) እና የ/ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ ጽዳት ከኮሚት በፊት ይሁን። ንብርብሮቹን አንድ ለማድረግ «ዶከር ኤክስፖርት» አድርገው በ«ዶከር ኢምፖርት» ይመልሱት፤ «ሲኤምዲ» እና «ኤንቭ» ስለሚጠፉ ኢምፖርቱ ላይ በ«--ቼንጅ» እንደገና ይስጧቸው።

ጥያቄ፦ ኢሜጁን በፍላሽ ልወስደው እችላለሁ?

መልስ፦ አዎ፤ በ«ዶከር ሴቭ -ኦ» ወደ ፋይል አውጣው፣ ከዚያ ሌላው ማሽን ላይ በ«ዶከር ሎድ -አይ» መልሰው። «ኤግዜክ ፎርማት ኤረር» ካየህ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ኢሜጁ ኤአርኤም ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ተሠርቶ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ሰርቨር ላይ መነሣቱ ነው።

ጥያቄ፦ ኮሚት እንዲህ ከቀለለ ዶከርፋይል (የኢሜጁ አሠራር በጽሑፍ የሚሰፍርበት ፋይል) ለምን እጽፋለሁ?

መልስ፦ «ዶከር ሂስትሪ» ስትል ኮሚቱ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ምን ምን እንደተጫነ አይናገርም። የመሠረቱ ኢሜጅ የደኅንነት ማሻሻያ ሲወጣለት ሁሉንም በእጅ መድገም ይጠብቅሃል። እኔ ኮሚትን የምፈልገው ለምርመራ ነው፦ ተነሥቶ ወዲያው የሚሞት ኮንቴይነር ውስጥ በ«ዶከር ኤግዜክ» መግባት አይቻልም፣ የቆመ ኮንቴይነርን ኮሚት ማድረግ ግን ይቻላል። «ምርመራ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ስጠውና «ዶከር ረን -አይቲ --አርኤም --ኤንትሪፖይንት ኤስኤች» ብለህ በዚያ ስም አስነሣው፤ ሎጉንና ኮንፊጉን ከውስጥ ታየዋለህ። ኢሜጁ ሼል (እንደ ባሽ ያለ የትዕዛዝ መጻፊያ) ከሌለው በ«ዶከር ሲፒ» ፋይሎቹን ወደ ውጭ አውጣ።