ግድግዳዬ ላይ ምን ልስቀል ላለችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

አንዲት ወጣት ጎረቤቴ በቅርቡ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ገባች። ባለፈው ሰሞን ስልኳን ይዛ መጣችና «ሲስተር፣ ግድግዳዬ ባዶ ሆኖ አስጠላኝ። ምን ልስቀልበት?» አለችኝ። ፎቶዎችም አሳየችኝ። ግራጫ ሶፋ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ፍሬም ውስጥ የገባ የእንግሊዝኛ ጥቅስ። ብዙ ቤት ነበር ያሳየችኝ። እኔ ግን ደጋግሜ አንድ ቤት ያየሁ መሰለኝ።

ያን ዕለት «ቀስ በይ፣ ይደርሳል» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያደግኩበት ቤት ግድግዳ ትዝ አለኝ። እናቴም አብራ መጣችብኝ። ይህን የጻፍኩት ለዚያች ልጅና እንደ እሷ አዲስ ቤት ለያዛችሁ ሁሉ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ያደግኩት ጉለሌ፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር። ግድግዳው ደግሞ ጋዜጣ። ብዙዎቻችሁ ስላልደረሳችሁበት ላስረዳችሁ። የጭቃ ግድግዳ ይራገፋል። ብርድ ያስገባል፣ ቤትም ያጨልማል። ስለዚህ የፉርኖ ዱቄት በውሃ ይፈላና ሙጫ ይሆናል። በእሱ አሮጌ ጋዜጣ ይለጠፋል። ዓውደ ዓመት ሲደርስ የተቀደደው ላይ አዲስ ይደረባል። ቤቱ ወዲያው ፍንትው ይላል። የሙጫው ሽታ ለእኛ ለልጆች የበዓል ሽታ ነበር። ዛሬ ወደዚያ ተመለሱ አልላችሁም። ከጋዜጣው ሥር ትኋን እንደ ልቡ ይራባል። ነርስ ሆኜ በየሰዉ ቤት ስገባ ብዙ አይቻለሁ።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። የሚለጠፈውን የምትመርጠው በፎቶው ነው። ጥሩ ፎቶ ያለበት ገጽ እንግዳ በሚቀመጥበት በኩል ይሆናል። ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ወደ ጓዳ ይሄዳል። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ተለጥፎ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል።

እጇ ግን ሥራ አይፈታም ነበር። ዳንቴል ትሠራለች። ለትራስ፣ ለጠረጴዛ፣ ለሬዲዮ ልብስ። ለሰፈሩ ሙሽሮች የአልጋ ልብስ ትሠራና ጥቂት ገንዘብ ታገኛለች። ንድፍ የሚባል ነገር አታውቅም። አንድ ሰው ቤት ያየችውን አበባ በዓይኗ ይዛ ትመጣና ማታ ታወጣዋለች። እንዲህ ያለ ችሎታ የነበራቸው እናቶች በየሰፈሩ ነበሩ። አብዛኞቹ ሥራቸው ከእነሱ ጋር ተቀበረ። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቷል። የእኛም ቀበሌ ማታ ማታ ያስተምር ነበር። እናቴ ኪሮሿንና ክሯን ይዛ ሄደች። አስተማሪው የሰፈራችን ተማሪ ነው፣ ልጇ የሚሆን። «እማማ፣ እሱን ያስቀምጡና ሰሌዳውን ይመልከቱ» ቢላት «እጄ ሥራ ካልያዘ ጆሮዬ አይሰማም» አለችው። ተዋት። ፊደሉን ሰባት ሰባት አድርጋ በክሯ ቆጠረችው። ለእያንዳንዱ ቤት ሰባት፣ ከዚያ መዞር። ሀሁን ስትጨርስ ክሩ ረጅም የዳንቴል ጥብጣብ ሆኖ ነበር። የመደርደሪያችን ጠርዝ ላይ ሰፋችው።

አንድ ማታ ከውጭ ስገባ ግድግዳው ሥር ቆማ አገኘኋት። ፋኖሱን ወደ ጋዜጣው አስጠግታዋለች። ጣቷን ፊደሉ ላይ አድርጋ «የ... ቡ... ና...» ትላለች። ዝም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። «የቡና ዋጋ» አለች በመጨረሻ። ዞር ስትል አየችኝ። «ይሄ ሁሉ ዘመን ስለ ቡና ነው እንዴ የሚያወራው?» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቋ ቶሎ አላበቃም። መጨረሻ ላይ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ዞራ አነበበችው። ስትወዳቸው ከኖረቻቸው ፎቶዎች አንዱ ለካ የሞተ ሰው ማስታወቂያ ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት ላይ ነበር። በማግስቱ ሌላ ለጠፈችበት። የተዘቀዘቀውን ገጽ አንገቷን አጥፋ ታነባለች። ቡፌውን አስገፍታን ከኋላው ያለውን አነበበች። ጓዳ የጣለችው ጽሑፍ ብቻ ያለበት ገጽ ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ወጥ እያማሰለች ታነባለች።

እዚያ ጓዳ ውስጥ አንድ ታሪክ ነበር። ወደ አሰብ የሚሄድ ሾፌርና ረዳቱ። መኪናቸው በረሃ ላይ ይበላሻል። ውሃቸው ያልቃል። ረዳቱ ጄሪካኑን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። ሾፌሩ ጎማው ጥላ ሥር ተኝቶ ይጠብቀዋል። ከሥሩ «ይቀጥላል» ይላል። ቀጣዩ ጋዜጣ ቤታችን ግድግዳ ላይ የለም። እናቴ ከየግድግዳው ፈለገች። ጎረቤት ቤት ሳይቀር እየገባች ግድግዳቸውን አነበበች። አጣችው።

«ልጁ ውሃ አገኘ ይሆን?» ትለኝ ነበር። ለዓመታት። ዳንቴሏን እየሠራች መጨረሻውን ራሷ ትፈጥራለች። ደስ ባላት ቀን ረዳቱ የአፋር እረኞች አግኝተውት፣ ጄሪካኑን ሞልተውለት ይመለሳል። ሆዷ በባሳት ቀን ሾፌሩን ብቻ ሌላ መኪና ያነሳዋል። ልጁ አይመጣም። እኔ አሁን በሕይወቴ ያነበብኩት ብዙ ነው። እንደዚያ ታሪክ ግን አብሬው የኖርኩት የለም።

ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። እናቴ ዳንቴሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ሬዲዮኗ ሥር ትቀመጣለች። የዕለቱ ትረካ ሲያበቃ አትቆጭም። «ይሄኛው እንኳ ይመለሳል» ትላለች። የአሰቡን ነገር እንዳልረሳች የማውቀው ያኔ ነው።

የሚቆጨኝ ነገር ይህ ነው። በ1936 የተቋቋመው ወመዘክር፣ ማለት ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የቆዩ ጋዜጦችን ያስቀምጣል። ከምሠራበት ሆስፒታል ሩቅ አልነበረም። የጋዜጣው ቀን ግድግዳው ላይ በግልጽ ይታያል። ቀጣዩን ቁጥር ማስፈለግና መጨረሻውን ገልብጬ ማምጣት እችል ነበር። የእረፍት ቀኔ በወረፋ፣ በልጆች፣ በለቅሶ፣ በማኅበር አለቀ። እናቴም ሳትሰማው ሄደች። ቤቱም በኋላ ለልማት ፈረሰ፤ ጋዜጣውም አብሮ። «ከዚያ ወዲህስ ሄደሽ አይተሻል?» ትሉኝ ይሆናል። አልሄድኩም። አሁን ባገኘው ለማን እነግረዋለሁ?

እንግዲህ ወደ ግድግዳሽ ልመለስ፣ ልጄ። የምታነቢውን ነገር ስቀይ። ወጥ እያማሰልሽ ዓይንሽ የሚያርፍበት ጽሑፍ ይሁን። የአያትሽ ደብዳቤ፣ የወደድሽው ግጥም በእጅሽ ተገልብጦ፣ የአገርሽ ካርታ። «ህልምሽን ተከተይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፍሬም ተይው። የዛሬ ልጆች ማነቃቂያ ትወዳላችሁ። ጠዋት አንድ ሰው ስልክ ውስጥ ይጮህባችኋል፣ ማታ ሌላ። እናቴን ማንም አላነቃቃትም። የቡናው ዋጋ አነቃቃት። ማወቅ የፈለገችው ነገር ነበራት፣ አበቃ።

ስለ ዕቃ ዋጋና ስለ ቁጠባ አልነግራችሁም። እሱን የሚነግራችሁ ሞልቷል። አንድ ነገር ግን በሙያዬ እናገራለሁ። ይህን ሁለት ሦስት ድርብ ወፍራም መጋረጃ ነገር ቀንሱ። ቀኑን ሙሉ መብራት አብርታችሁ ትኖራላችሁ። ሳንባ ነቀርሳ የታፈነ ቤት ይወዳል። በስንቱ ያማረ ሳሎን ውስጥ የሚያስሉ ሰዎችን አይቻለሁ። መስኮት ክፈቱ። ወንበራችሁን ወደ ብርሃኑ ጎትቱና እዚያ አንብቡ።

ስልክ ላይ አታንብቡ እላለሁ ሁልጊዜ። መጽሐፍ በእጅ ሲያዝ ሌላ ነው። የት ገጽ ላይ እንዳለቀሳችሁ እጃችሁ ያስታውሰዋል። ደግሞ እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ ሲደክም የልጅ ልጄ የጫነችልኝን ትረካ በስልክ እየሰማሁ ሹራብ እሠራለሁ። ደስ ይለኛል። እናቴ ብትኖር እሷም ከእጇ ባልለየችው ነበር። እንግዲህ እንደሚመቻችሁ አድርጉ። ብቻ እየሰማችሁ ጣታችሁ ስክሪኑን ከመግፋት ሌላ ሥራ ይኑረው።

ሹራብ መጀመር ለምትፈልጉ፣ ከትልቅ ሹራብ አትነሱ። እጅጌው ላይ ስትደርሱ ይሰለቻችሁና መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከጨቅላ ሕፃን ኮፍያ ጀምሩ። ቶሎ ያልቃል፣ ቢበላሽም ተተርትሮ ይሠራል። ሥራውም ከንቱ አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ሙቀቱን በጭንቅላቱ በኩል በብዛት ያጣል። ያለ ቀኑ የተወለደ ከሆነማ ብርድ ይገድለዋል። ሌሊት ተረኛ ስሆን ፋታ ባገኘሁ ቁጥር ኮፍያ እሠራ ነበር። ለወለደች እናት ኮፍያውን ስሰጣት መጀመሪያ የምታደርገው ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ማሽተት ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ። ወንዶችም ልጆች ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። በአገራችን ሸማ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፤ ክር የሴት ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ለስላሳ ክር ግዙ። የሚሻክረው ሕፃን ይቧጥጣል። ቀለሙ ደግሞ ፈዛዛ ይሁን። ጥቁርና ሰማያዊ ማታ በአምፖል ሲሠራ ቁጥሩ አይታይም፤ ጀማሪ ከሳተ በኋላ የት እንደሳተ አያገኘውም።